የሣጥኑ ወርድ፦ ከድረ ገጽ አሠራር ታሪክ

የአንድ ሣጥን ወርድ 300 ነው ሲባል የተለካው ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? አናጢ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይህን ጠይቆ ይረዳል። በድረ ገጽ ሥራ ግን ጥያቄው ሁለት መልስ አግኝቶ ለዓመታት ብዙ ድካም አስከትሏል።

ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው የገጽ አቀማመጥ ቋንቋ፣ ማለትም ሲ.ኤስ.ኤስ.፣ በዲሴምበር 1996 ደንብ ሆኖ ጸደቀ። በደንቡ መሠረት ወርድ ማለት ጽሑፉ የሚያርፍበት ስፍራ ብቻ ነው፤ በዙሪያው የሚተወው ባዶ ቦታና የክፈፉ መስመር በላዩ ይደመራሉ። በዊንዶውስ ላይ ይሠራ የነበረው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን ሁሉንም ከወርዱ ውስጥ ይቆጥር ነበር። ስለዚህም ወርዱ 300 ፒክስል፣ ባዶ ቦታው በግራም በቀኝም 20፣ ክፈፉ በየጎኑ 5 የሆነ ሣጥን፣ ደንቡን በጠበቀው በኦፔራ 350፣ በኤክስፕሎረር 300 ሆኖ ይታይ ነበር። ሃምሳ ፒክስል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዓምዶች ከገጹ ስፋት ካለፉ ሁለተኛው ከበታች ይወድቃል፤ አቀማመጡም ይበላሻል። (የኔትስኬፕ 4 ጣጣ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው።)

ታንቴክ ቼሊክ የተባለው መሐንዲስ የብራውዘሩን ሌላ ጉድለት መድኃኒት አደረገው። በመጀመሪያ 350 ተብሎ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ኤክስፕሎረር 5 አንብቦ የሚሰናከልበት መስመር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ 300 ይባላል። ኤክስፕሎረር ከመሰናክሉ አያልፍም፤ ሌሎቹ አልፈው ትክክለኛውን ቁጥር ይወስዳሉ።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ስህተቱ እንዲሁ ቢታረም፣ ስህተቱን አምነው የተሠሩ እጅግ ብዙ ገጾች በአንድ ጊዜ ይፈርሱ ነበር። በመሆኑም በ2000 ለማኪንቶሽ የወጣው ኤክስፕሎረር 5 የገጹን የመጀመሪያ መስመር መመልከት ጀመረ፦ የሰነዱ ዓይነት በአዲሱ አጻጻፍ ከተገለጸ በደንቡ፣ ካልተገለጸ በአሮጌው ልማድ ይሠራል። በ2001 በዊንዶውስ ላይ የወጣው ኤክስፕሎረር 6 ይህንኑ ተከተለ። የዛሬዎቹ ብራውዘሮችም ይህን ሁለት ዓይነት ጠባይ እስካሁን ይዘዋል።

ይሁን እንጂ ለሠሪው የሚመቸው የተወገዘው ልኬት ነበር፤ ሣጥኑ በገጹ ላይ የሚይዘው ቦታ ያለ ስሌት ይታወቃልና። ኋላም ደንቡ ራሱ ሁለቱንም ልኬቶች ለምርጫ አቀረበ፤ በ2009 የወጣው ኤክስፕሎረር 8 ምርጫውን ተቀበለ። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች አዲስ ሥራ ሲጀምሩ ከሚጽፏቸው የመጀመሪያ መስመሮች አንዱ የኤክስፕሎረር 5ን ልኬት የሚመርጠው ነው።