በስጦታ ሽጉጥ ላይ የሚቀረጽ ጌጥ ለማን ይናገራል?

የታሪክ ተማሪ ስለ ጦር መሣሪያ ሲያጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ብዛቱ ስንት እንደ ነበረ፥ ከየት እንደ መጣና በማን እጅ እንደ ገባ ነው። በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጌጥና ጽሕፈት ግን የአንጥረኛ ጉዳይ ነው ብለን እናልፈዋለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለነገሥታት በስጦታ የተላኩ ሽጉጦችን ቅርጽ እናነጻጽራለን፤ ዓላማችንም እንዲህ ያለው ጌጥ በምን መለኪያ ሊመዘን እንደሚገባው ማሳየት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሃርትፎርድ ከተማ የነበረው የአሜሪካዊው የሳሙኤል ኮልት ፋብሪካ ሽጉጦቹን በሁለት መንገድ ያስጌጥ ነበር። አንደኛው የመኪና ሥራ ነው። የባንክ ኖት ቀራጺ የነበረው ዎተርማን ኦርምስቢ ሥዕሉን በጠንካራ ብረት ላይ ይቀርጻል፤ ይህም ብረት ባሩድና አረር በሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል ላይ በኃይል እየተንከባለለ ሥዕሉን ያትምበታል። የ1851 «ኔቪ» በተባለው ሽጉጥ ላይ የሚታየው፥ የቴክሳስና የሜክሲኮ መርከቦች ሜይ 16 ቀን 1843 ያደረጉት ውጊያ በዚህ መንገድ የታተመ ነው። ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው። ከፕሩሲያ የመጣው ጉስታቭ ያንግና እርሱን የመሰሉ ቀራጾች በትንሽ መሮ ብረቱን እየቆፈሩ ሐረግ ያወጡበት ነበር፤ ለታላላቅ ሰዎች በሚዘጋጀውም ላይ በተቆፈረው መስመር ወርቅ እየቀበሩ ያስተካክሉታል።

የዚህ የእጅ ሥራ ከፍተኛ ምሳሌ በ1853 ገደማ የተሠራውና ኮልት ለቱርክ ሡልጣን ለዐብዱል መጂድ ያበረከተው በወርቅ ያጌጠ ሽጉጥ ነው፤ ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ይገኛል። የእጁን ጥበብ የሚነቅፍ ያለ አይመስለንም። ይሁን እንጂ የብራና መጻሕፍታችንን ሐረግ ያየ ሰው አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። በብራናው ላይ ሐረግ የገጹን ራስ ከብቦ የሚከተለውን ቃል ያስከብራል፤ ለቃሉ አጃቢ ነው እንጂ ራሱ ዋና አይደለም። ታዲያ የሽጉጡ ጌጥ የሚያስከብረው ማንን ነው?

መልሱን የምናገኘው ከሽጉጡ መንትያ ነው። የዚህ ሽጉጥ አቻ ለሩሲያው ንጉሥ ለቀዳማዊ ኒኮላስ ተሰጥቶ ዛሬ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ይገኛል። ዘመኑ ሁለቱ መንግሥታት በክሪሚያ ጦርነት (1853–1856) የተፋለሙበት ነው። ኮልት ሩሲያውያን ሽጉጡን እየገዙ መሆናቸውን ለሡልጣኑ ነግሮ የ5,000 ሽጉጥ ትእዛዝ አገኘ፤ ለሩሲያም ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሞ ነበር። እንግዲህ የሁለት ጠላቶች ወገብ እኩል ሊያስጌጥ የሚችል ሥራ ለአንዳቸውም የተለየ ቃል አልነበረውም ማለት ነው። ወርቁ የሚመሰክረው ለሠሪው ብልጽግናና ችሎታ ነው። እንደ ጌጥ የተሟላ ነው፤ እንደ ስጦታ ግን ተቀባዩን አያውቀውም።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በ1860 በጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ቆስሎ ሞተ። ተተኪው ቻርልስ ካሜሮን በ1862 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላኩትን አንድ ጠመንጃና ሁለት ሽጉጦች ይዞ መጣ። በመቅደላ የነበረው ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ እንደ መዘገበው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ወድቀው በተገኙበት ስፍራ በነበረው ሽጉጥ ላይ የብር ሰሌዳ ነበር፤ ጽሕፈቱም የንግሥቲቱንና የንጉሠ ነገሥቱን ስም ጠርቶ ስጦታው ለፕላውደን ስለ ተደረገው ቸርነት የምስጋና ምልክት መሆኑን ይገልጻል።

በጌጥ ብዛት ቢመዘን ይህ የብር ሰሌዳ ከኮልት ወርቅ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን የኮልት ሽጉጥ የጎደለው ነገር አለው፤ ሰጪውን፥ ተቀባዩንና ምክንያቱን ለይቶ ይናገራል። ለሌላ ንጉሥ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ በአሳብ ረገድ የተሻለው ሥራ ይህ ነው እንላለን።

ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። ጽሕፈቱ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ለተጻፈላቸው ሰው የሚደርሰው በአስተርጓሚ አፍ ብቻ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው በ1862 በጥቅምት ወር በገዛ ቋንቋቸው ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ የደረሳቸው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1866 ነው። በመካከሉ ካሜሮን ታስሮ ነገሩ ከእርቅ ወደ ጠብ ተዛውሮ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ በስጦታ ሽጉጥ ራሳቸውን እንደ ገደሉ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ በሰሌዳው ላይ የተቀረጸውን ምስጋና ያለ አስተርጓሚ ያነበቡት አምባውን ሰብረው የገቡት ወታደሮች ናቸው።

የእጅ ጥበብን በፖለቲካ መመዘን አይገባም የሚል ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። ሰዓሊው ለራሱ ደስታ የሠራው ሥዕል ቢሆን እኛም በተስማማን ነበር። በስጦታ ላይ የሚቀረጽ ጌጥ ግን ከመነሻው ለአንድ ሰው የሚላክ መልእክት ነው፤ ስለዚህ የመሮውን ጥራትና የሐረጉን ስምምነት ከመረመርን በኋላ፥ ተቀባዩ ሊያነበው ይችል እንደ ነበረና ሰጪው እንደ ቃሉ መገኘት አለመገኘቱን መጠየቅ የሥራው ሂስ አንዱ ክፍል ነው። በየቤተ መዘክሩ የሚገኙትን የነገሥታት ስጦታዎች የሚያጠኑ ጓደኞቻችንም የመሣሪያውን ዓይነትና ቍጥር ሲመዘግቡ፥ በላዩ የተቀረጸውን ቃል፥ የተጻፈበትን ቋንቋና የሰፈረበትን ስፍራ አብረው ቢመዘግቡ፥ ከደብዳቤዎቹ ጎን የሚቀመጥ ሌላ የታሪክ ምንጭ ይገኛል ብለን እናምናለን።