ግማሽ ምዕተ ዓመት የተሻገረው የጂኤምሲ መለዋወጫ

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጂኤምሲ ለማደስ የተነሳ ሰው፣ ለሞተሩ ከመጨነቁ በፊት መኪናው ሥር ገብቶ የኋላውን ዲፈረንሻል ማየት አለበት። የዲፈረንሻሉ ቤት መሐል ለመሐል በቡሎን የተጋጠሙ ሁለት ግማሾች ከሆነ የቲምከን ዲትሮይት ሥራ ነው፤ ሰብሳቢዎች ‹ስፕሊት› ይሉታል። ወጥ ሆኖ መሐሉ ክብ ከሆነ ደግሞ የራሱ የጄኔራል ሞተርስ ነው፤ ስሙም ‹ባንጆ›። አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ መንትያ የሚመስሉት መኪኖች ከሥር ሲታዩ ይለያያሉ። የአንዱ ሰሚያስ ለሌላው አይገባም። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ እግር የሚያከፋፍለው ሁለተኛው ካምቢዮም እንዲሁ ነው። ይህን ሳያጣራ ዕቃ ያዘዘ ሰው፣ ያን ሁሉ ከባድ ብረት ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ከግድግዳ ጥግ ያቆመዋል።

ልዩነቱን ያመጣው የጦርነቱ ጥድፊያ ነው። የአሜሪካ ጦር የፈለገውን ያህል ዲፈረንሻል አንድ ፋብሪካ ብቻውን ሊያደርስ ስላልቻለ ሁለት ዓይነት ሥሪት ጎን ለጎን ተመረተ። ሲሲኬደብልዩ የሚል የፋብሪካ ስም የተሰጠው ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ድረስ በዋናነት በሚሺጋኗ ፖንቲያክ፣ በከፊልም በሴንት ሉዊስ በሚገኘው የሸቭሮሌት ፋብሪካ ተሠርቷል። ከነዝርያዎቹ ከ500 ሺህ በላይ ወጥቷል። ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ባለ 6 ቮልት ኤሌክትሪክ፣ ሁሉም የሚጎትቱ 10 ጎማዎች አሉት። ወታደሩ ‹ሁለት ተኩል› ይለው የነበረው ከመንገድ ውጭ እንዲሸከም የተፈቀደለት ክብደት 2 ተኩል ቶን ስለነበረ ነው።

የተፈቀደለትን ብቻ ተሸክሞ ግን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1944 ክረምት የተባበሩት ኃይሎች ከኖርማንዲ ወጥተው ፈረንሳይን አቋርጠው ሲገሰግሱ ነዳጅና ጥይት ከኋላ ቀረ፤ የፈረንሳይን የባቡር ሐዲድ ከወረራው በፊት ራሳቸው በቦምብ አፍርሰውት ነበርና። በነሐሴ 25 ‹ሬድ ቦል ኤክስፕረስ› የተባለው የመኪና ሰልፍ ተጀመረ፤ እስከ ኅዳር 16 ድረስም ቀንና ሌሊት ነጎደ። በነሐሴ 29 አንድ ቀን ብቻ 5,958 መኪኖች ከ12 ሺህ ቶን በላይ አጓጉዘዋል። ከሹፌሮቹ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ዘር እየለየ ለውጊያ ክፍሎች አትመጥኑም ይላቸው የነበረው ጦር ያለ እነርሱ ወደፊት አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም ነበር። በተለይ ይህ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የጦርነቱ ታሪክ ስለ ታንኩ ሲያወራ ስለ ሹፌሩ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሏልና።

ያ ሰልፍ መኪኖቹን ጨረሳቸው። ጭነቱ ከልክ አለፈ። ፍጥነት የሚገድበውን መሣሪያ ሹፌሮቹ ከካርቡሬተሩ ላይ ነቅለው ጣሉት። ዘይት የሚቀየርበት፣ ቡሎን የሚጠበቅበት ጊዜ ጠፋ፤ መንገድ ላይ የተጣሉ የምግብ ጣሳዎች ጎማ ይቀዱ ነበር። ባሌስትራ የሰበረ፣ ሞተር ያቃጠለ መኪና ለሌላው የመለዋወጫ ምንጭ ሆነ። ዛሬ አንድ አዳሽ የ1942 ሻንሲ ላይ የ1944 ጋቢና፣ የሌላ መኪና ሞተር ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም፤ ይህን መቀላቀል የጀመረው ጦርነቱ ራሱ ነው።

መለዋወጫን ከሁሉ የበለጠ በቁም ነገር የያዘው ምዕራፍ የተጻፈው ግን በእስያ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ በፓስፊክ ደሴቶች ላይ እልፍ አእላፍ መኪና ዝናብ እየወረደበት ቀረ። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ‹ሮል አፕ› በተባለ ዘመቻ እነዚህን እየሰበሰቡ ወደ ጃፓን አጓጓዙ። በዮኮሱካ አጠገብ እንዳለው እንደ ኦፓማ ባሉ ጋራዦችም የጃፓን ሠራተኞች እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፈትተው፣ አጥበው፣ የተበላውን ተክተው መልሰው ገጠሟቸው። የኮሪያ ጦርነት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1950 ሲፈነዳ ጃፓን ውስጥ በነበሩት 4 የአሜሪካ ክፍለ ጦሮች እጅ ከነበረው ተሽከርካሪ 75 በመቶው የዚህ እድሳት ውጤት ነበር።

ከእነዚያ አራቱ አንዱ 7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ነው። በ1943 ዓ.ም. ፑሳን የወረደው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃችን የተመደበው በዚሁ ክፍለ ጦር ሥር ነበር። ስለ ቃኘው ዘማቾች ጀግንነት ብዙ ተብሏል፤ የዘመቱበት ሠራዊት በእንዲህ ያለ ከደሴት ጭቃ በተነሳ መኪና ጭምር ይንቀሳቀስ እንደነበር ግን ብዙ አልተነገረም።

አውሮፓ ውስጥ ጂኤምሲው ያለ ሥራ አልቀረም። የፈረንሳይ ጦር በራሱ ጋራዦች ደጋግሞ እያደሰ በኢንዶቺናም በአልጄሪያም ተጠቀመበት፤ ከዚያም በኋላ ለአሠርት ዓመታት አልጣለውም። ዛሬ አዳሾች የሚያገኙት ብዙው ዕቃ ከዚያው የፈረንሳይ ግምጃ ቤት የወጣ ነው፦ ግራሶ ተቀብቶ፣ በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ የኖረ ብረት። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ራሱን የቻለ እውቀት ነው። አንዱ ጥርስ የፋብሪካው ቁጥር አለው፣ የአሜሪካ ጦር ቁጥር አለው፣ ከጦርነቱ በኋላ የተሰጠ ሌላ ቁጥርም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ጥሩ አዳሽ ከመፍቻው በፊት ጂ-508 የተባለውን የጦሩን የመለዋወጫ ዝርዝር ይገዛል።

አንዳንዱ ዕቃ ከሚፈራው በላይ ይቀላል። ኩሽኔታ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ዓለም አቀፍ መለኪያ ከሆነ ዛሬም አዲሱ ይገኛል፤ ፓራወልዮም የውስጥና የውጭ ስፋቱ ከተለካ ከማንኛውም ዘመናዊ ማሽን ሊገኝ ይችላል። ሞተሩ ከጦርነቱ በኋላም ለዓመታት በሲቪል ጂኤምሲ የጭነት መኪኖች ላይ ስለተገጠመ ፒስተኑና ባልቦላው ፈላጊ አያጣም። በውኃም በየብስም ይሄድ የነበረው ዳክ የተባለው ተሽከርካሪም በዚሁ ሞተር ይሠራ ነበር።

ጎማ ነክ ዕቃ ግን አታላይ ነው። ሰማንያ ዓመት ሣጥን ውስጥ የቆየ የፍሬን ጎማ ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ደርቋል። ያልተነካ ኦሪጅናል ነው ብሎ በኩራት የገጠመው ሰው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲከዳው ሌሎችንም ይዞ ይሄዳል። እዚህ ላይ የታሪክ ፍቅር ቦታ የለውም፤ አዲስ ይገጠም።

ስፖንዳው ሌላ ጣጣ አለው። ብረት ለታንክና ለመርከብ ሲያጥር ፋብሪካው የጭነት አካሉን ከእንጨት ሠራ፣ ቆይቶም ብረትና እንጨት ቀላቀለ። የብረት ጋቢናውም በሸራ ጣሪያ ተተካ። እንጨቱ ከበሰበሰ አናጺ በልኩ ይሠራዋል፤ ነገር ግን የእንጨት አካል የነበረውን መኪና ያማረ የብረት አካል ማልበስ የእ.ኤ.አ. 1943ን እጥረት ከታሪኩ መሰረዝ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ጋቢናው ውስጥ የምትለጠፈው ትንሽ ሰሌዳ ናት። የመኪናውን ተከታታይ ቁጥርና ለጦሩ የተሰጠበትን ቀን የምትይዘው እርሷ ናት። አሁን ተመሳስላ የተሠራች ባዶ ሰሌዳ ትሸጣለች፤ ገዢው የወደደውን ቀን ያስቀርጽባታል። የ1944ቱ ኖርማንዲ ዝነኛ ስለሆነ፣ በ1945 የተሠራ መኪና በሐሰት ቀን የዚያ ዘመቻ አርበኛ ይደረጋል። ሰሌዳው የጠፋበት መኪና ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ተፈልጎ ይነበብ፤ እርሱም በዝገት ከተበላ ቦታው ባዶውን ይቀመጥ።