ሁለት ጠርሙስ፣ አንድ ጌታ

እኛ ተማሪዎች «ጊዮርጊስ ይሻላል! የለም፣ ሜታ!» እያልን ስንሟገት እናመሻለን። የቢራዎቹን ታሪክ ስናገላብጥ ግን ክርክራችን ያስቀናል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንቁጠር።

ጊዮርጊስ በ1922 አዲስ አበባ ላይ፣ ሜታ በ1960ዎቹ ሰበታ ላይ ተተከሉ። በ1975 ደርግ ወረሳቸው፤ ተፎካካሪዎቹ በአንድ መንግሥት እጅ ገቡ። በ1998 የፈረንሳዩ ካስቴል ጊዮርጊስን ገዛ። ሃይነከን በ2011 በደሌንና ሐረርን ጠቀለለ። በ2012 የእንግሊዙ ዲያጂዮ ሜታን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። አዲስ ስም ከማስለመድ የለመድነውን ስም መግዛት ቀለላቸው። ፉክክሩም ጦፈ። ነገር ግን በ2022 ዲያጂዮ ሜታን ለዚያው ለካስቴል ሸጦ ወጣ።

እንግዲህ አዋጁም ገበያውም ሁለቱን ጠርሙሶች ለአንድ ጌታ አስረከቡ። ታዲያ «የቱ ይሻላል?» ከማለታችን በፊት «የማን ነው?» ብንል አይበጅም?