ሁለቱ «አለ»

«ገንዘብ አለ አለ» ብለን ስንጽፍ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው፤ ስንናገር ግን የፊተኛው «ለ» ይጠብቃል፣ የኋለኛው ይላላል። በዘርም አይገናኙም። የሚጠብቀው የመጣው ከግእዙ ሀሎ ነው፣ «መኖር» ከሚለው፤ የሚላላው ደግሞ ከብህለ፣ «ተናገረ» ከሚለው። አንዱ «ሀ»ን፣ ሌላው «ብ»ንና «ህ»ን ጥለው መልካቸው ተመሳሰለ።

የወደቁት ፊደላት ሩቅ አልሄዱም። ህልውናና ህላዌ የሀሎን «ሀ» ይዘዋል። ባህልም የብህለ ልጅ ነው፤ በግእዝ ትርጉሙ «አባባል፣ ንግግር» ነበር። ልዩነቱ፣ ህላዌን ሳይጠራ ዓመት የሚያልፈው ሰው ሞልቷል፤ አለን ሳይጠራ የሚውል ግን የለም። ቁጭ አለ፣ ዝም አለ፣ ብድግ አለ፦ አንድም ንግግር በሌለበት እንኳ አማርኛ ይህን የንግግር ግስ ይጠራል። (ዝም ያለ ሰው ምን «አለ»?)

ሁጎ ሹካርት የተባለው ሊቅ ደጋግመው የሚነገሩ ቃላት በድምፅ ለውጥ እንደሚቀድሙ የጻፈው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦልድፊልድና ዊንግፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች የዕቃ ሥዕል እያሳዩ ስሙን ሲያስጠሩ፣ የተለመደው ስም ቶሎ፣ ብርቁ ዘግየት ብሎ ከአፍ ወጣ። ምላስ የለመደውን ያፈጥነዋል፤ ሲያፈጥነውም ይሸርፈዋል።

ባህልና ህላዌን ያቆያቸው የግእዝ መጽሐፍ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። እንግዲያው ማስረጃውን ከግሱ ከራሱ እንፈልግ፦ በል፣ ብሎ፣ ተባለ። ከ«አለ» የወደቀው «በ» እዚያው ነው። ግእዝም ቢሆን ከመሸረፍ አላመለጠም፤ «አለ» ለማለት ይቤ ይልና «ል»ን ይውጣታል፣ «አለው» ሲል ግን ይቤሎ ብሎ ይመልሳታል።

የቃሉ ዓይነትም የራሱን ያደርጋል። ሀሎ ረዳት ግስ ሆኖ መቆም ሲያቅተው ጭራሽ ቅጥያ ሆነ፤ «ይመጣል» ማለት «ይመጣ» እና «አለ» ነው። ነበረም በግእዝ «ተቀመጠ» ማለት ነበር፤ መቀመጫነቱን ለመንበር ትቶ በአማርኛ ኃላፊ ጊዜን ያግዛል።

«ይላል» ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አለዎች አሉ። ይብል «ብ»ን ጥሎ ይል ሆነ፣ ከሀሎ ደግሞ «አል» ብቻ ተረፈ። በአሉታ ረዳቱ ይወጣና ተናጋሪው ብቻውን ይቀራል፦ አይልም።