«ኩፊ» የሚለው ስያሜ፡ ትርጉሙና አጠቃቀሙ

በመድረሳዎቻችን የቁርኣን ጽሕፈት ታሪክ ሲነሣ «የመጀመሪያዎቹ ሙስሐፎች በኩፊ ኸጥ ተጻፉ» የሚለው አባባል ይደጋገማል። እኛም እንዲሁ ተምረናል፤ አስተምረናልም። ስያሜውን ከታሪኩ ጋር ስናስተያየው ግን አባባሉ መታረም እንዳለበት እንረዳለን።

ኩፊ ማለት «የኩፋ» ማለት ነው። ኩፋን በዒራቅ የቆረቆሯት ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ሲሆኑ፣ ዘመኑም የኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን፣ 17 ዓ.ሂ. (638 እ.ኤ.አ.) ነው። የወሕይ ጸሐፊዎች በመካና በመዲና ሲጽፉ ከተማይቱ ገና አልተመሠረተችም ነበር።

ኢብኑ ነዲም በ377 ዓ.ሂ. ባዘጋጁት «አል-ፊህሪስት» የዐረብኛ ኸጦችን ሲዘረዝሩ መኪን ያስቀድማሉ፤ መደኒን፣ በስሪንና ኩፊን ያስከትላሉ። የመኪና የመደኒን አሊፍ አጣጣል ገልጸዋል፤ የኩፊን መልክ ግን አልገለጹም። ስለዚህ እርሳቸው ኩፊ ያሉት ዛሬ እኛ ኩፊ የምንለውን ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ስያሜውን ለጥንታዊ የብራና ሙስሐፎች ማዋሉን ካስለመዱት አንዱ አውሮፓዊው ያኮብ አድለር ናቸው፤ በ1780 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የቁርኣን ክፍሎች ኩፊ ብለው ገለጹ። በእኛ ዘመን ፍራንሷ ዴሮሽ ማዕዘናማውንና አግድም የተለጠጠውን ኸጥ «ቀደምት የዐባሲያ ኸጦች» ማለትን መርጠዋል። ከእርሱ የሚቀድመው፣ ዘንበል ያለው ኸጥ «ሒጃዚ» ይባላል። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ሁለት ቅጠሎች የተጻፉት በዚሁ ኸጥ ነው፤ የብራናው ዕድሜም በካርበን ምርመራ ከ568 እስከ 645 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ተገምቷል።

ይህ ለመምህር ቀላል ጉዳይ አይደለም። ደረሳው የኩፋን የምሥረታ ዘመን ባወቀ ጊዜ «ታዲያ በመዲና እንዴት በኩፊ ተጻፈ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልስ ካጣ፣ ጥርጣሬው ከኸጡ ስም አልፎ ወደ ሙስሐፉ ሊሻገር ይችላል። አንድ ሙስሐፍ በኩፊ በመጻፉ ብቻም የሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ.) ነው ማለት አይገባም። የቁርኣን ተጠብቆ መቆየት በሑፋዞች ልብና በተያያዘ ሰነድ ጭምር የቆመ ነውና በኸጥ ስያሜ መታረም አይናወጥም።

ቃሉ ይቅር አንልም። በቀይ ባሕር ዳህላክ ደሴቶች የመቃብር ድንጋዮች ላይ ለተቀረጸው ማዕዘናማ ኸጥ ዛሬም የተለመደው ስም ኩፊ ነው። በዚህ አገባቡ የአጣጣል ስልት ስም እንጂ የትውልድ ስፍራ ምስክር አይደለም። ስለ መጀመሪያዎቹ ሙስሐፎች ስናስተምር ግን «ሒጃዚ» እንበል፤ ኩፊን ኋላ ለዳበረው ማዕዘናማ ስልት እናቆየው። ወላሁ አዕለም።