በደጋ ላይ የቀረው ባሕር

ካላክላ ከካርቱም በስተደቡብ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር የምትገኝ ሰፈር ናት። መሬቷ ወንዝ ያነጠፈው ደለል ስለ ሆነ፣ የአለትን ታሪክ የሚያስተምር መምህር በዚያ የሚያሳየው ያጣ ይመስላል። ነገር ግን ሰፈሪቱ በሁለት ባሕሮች መካከል ናት፤ አንደኛው በሰሜን ምሥራቅ ያለው ሕያው ቀይ ባሕር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ሸሽቶ ወለሉን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተወው ጥንታዊ ባሕር ነው። ሁለተኛውን ለመረዳት አስቀድሞ የመጀመሪያውን መመልከት ይገባል።

የሱዋኪን ጥንታውያን ቤቶች የተሠሩት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ኮራልና ልዩ ልዩ ዛጎል ለባሽ እንስሳት ከውኃው ውስጥ የኖራን ንጥረ ነገር እየወሰዱ አካላቸውን ያንጻሉ። በኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች የፀሐይ ብርሃን ስለሚሹ፣ ሥራው የሚፋጠነው ጥልቀት በሌለው፣ በሞቀና በጠራ ውኃ ነው። እንስሳቱ ሲሞቱ ሞገድ አጽማቸውን እየሰበረ ነጭ አሸዋና ጭቃ አድርጎ ያነጥፈዋል። እንግዲህ የወንዝ ደለል ከሩቅ ተራራ ሲመጣ፣ የኖራ ደለል ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በባሕሩ ውስጥ ይወለዳል።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ተጉዞ ነበር። እርሱም በትግራይ ያየውን የኖራ ድንጋይ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በእንጣሎ ስም ጠራው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ጸንቷል። ይህ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ቀይ ባሕር ገና ሳይከፈት፣ ከደቡብ ምሥራቅ በገባ ባሕር ውስጥ የተነጠፈ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛም የዚያኑ ባሕር ድንጋይ ያያል።

በመቀሌ አካባቢ የድንጋዩ ውፍረት ወደ 700 ሜትር ይደርሳል። ተማሪ ይህን ሲሰማ ባሕሩም 700 ሜትር ጥልቀት ነበረው ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም፤ ግን ስሕተት ነው። ውኃው ጥልቀት አልነበረውም። ወለሉ ቀስ በቀስ ሲሰምጥ፣ አዲስ ደለል እየተተካ ክፍተቱን ይሞላው ነበር። ቻርልስ ዳርዊንም እ.ኤ.አ. በ1842 የኮራል ደሴቶችን አፈጣጠር ያስረዳው በዚህ በመስመጥና በመታነጽ ሕግ ነው። ስለዚህ ውፍረቱ የሚነግረን የባሕሩን ጥልቀት ሳይሆን የዘመኑን ርዝመት ነው።

ይህ ድንጋይ ዛሬ ለሲሚንቶ ይፈለጣል፤ ሀገርም ይሠራበታል። ቢሆንም አንድ ቁራጭ ወደ ክፍል ገብቶ፣ ዱቄቱ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ሲያወጣ፣ ልጆች በዓይናቸው ይዩት። የነገሥታትን ዘመን የሚቆጥር ተማሪ፣ የቆመበትን ምድር ዘመን ሳያውቅ ሊቀር አይገባውም።