ሥጋ የሌለበት ማዕድ በምግብ ቤት



ረቡዕ ወይም ዓርብ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ወደ ምግብ ቤት የገባ ጿሚ አሳላፊውን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቅቤ አልገባበትም ወይ?» ብሎ ነው። አሳላፊውም ብዙ ጊዜ ወደ ማድ ቤት ሳይመለስ፣ ከቆመበትም ሳይነቃነቅ፣ «የጾም ነው ጌታዬ» ሲል ይመልሳል። ጠያቂው ያምናል፤ ከማመን በቀር ሌላ መንገድ የለውምና። በቤቱ የሚበላ ሰው ድስቱን ያውቀዋል፣ ወጥ የሠራችውንም ያውቃታል። ከቤቱ ውጭ የሚበላ ግን የሚያውቀው ሳህኑን ብቻ ነው።

የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው። ይኸውም በሃይማኖት ሕግ፣ በስእለት ወይም በጤና ምክንያት ሥጋ የማይበላ ሰው፣ ገንዘቡን ከፍሎ በሕዝብ ምግብ ቤት ሲቀመጥ ምን ዐይነት ማዕድ ሲቀርብለት እንደ ኖረ ለመመርመር ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ለጠገበ ሰው ነው። ቤቱ ሩቅ ለሆነበትና ምሳውን በየቀኑ በመሥሪያ ቤቱ አካባቢ ለሚበላ ሠራተኛ ግን ከዓመቱ ቀኖች እኩሌታ ያህሉን የሚነካ ጉዳይ ነው።

ታሪኩን ከእንግሊዝ አገር እንጀምራለን፤ ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1847 ዓ.ም. ራምስጌት በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ በውሃ ሕክምና በሚሰጥበት አንድ ቤት ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች የቬጀቴሪያን ማኅበርን አቋቋሙ። ከዚያ በፊት በዚያ አገር ሥጋ የማይበላ ሰው በጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ በፒታጎራስ ስም «ፒታጎራዊ» ይባል ነበር። ከማኅበርተኞቹ አንዳንዱ ስለ ጤናው፣ አንዳንዱ ለእንስሳት ከማዘኑ የተነሣ፣ አንዳንዱም ከመጠጥ መራቅን ከሥጋ መራቅ ጋር አያይዞ ሥጋን የተወ ነበር። ይሁን እንጂ ለሠላሳ ዓመት ያህል ትምህርታቸው በስብሰባ አዳራሽና በየቤታቸው ገበታ ተወስኖ ቆየ። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው በሎንዶንና በማንቸስተር ከተሞች ሥጋ የማይገባባቸው ምግብ ቤቶች እየበዙ የሄዱት።

እነዚህን ቤቶች የሞሏቸው ፈላስፎች አልነበሩም። በንግድ ቤትና በልዩ ልዩ ቢሮ ተቀጥረው መዝገብ ሲጽፉ የሚውሉ፣ ደመወዛቸው ትንሽ የሆነ ጸሐፊዎች ነበሩ። በስድስት ፔኒ ሾርባውን፣ ዋናውን ምግብና ጣፋጩን በልቶ መውጣት ይቻል ነበርና ብዙዎቹን የሳባቸው ርካሽነቱ ነው። ጆርጅ በርናርድ ሾው በ1881 ዓ.ም. ሥጋ መብላትን በተወ ጊዜ ገና ስሙ ያልታወቀ ድኻ ደራሲ ነበረ፤ እነዚህ ርካሽ ቤቶችም ለሐሳቡ ብቻ ሳይሆን ለኪሱም ተስማምተውት ነበር።

የእነዚህን ቤቶች ጥቅምና ጉድለት ከሁሉ አብልጦ የሚገልጥልን ግን እንግሊዛዊ ያልሆነ ሰው ነው። በመስከረም 1888 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላቸው ሞሐንደስ ጋንዲ የሕግ ትምህርት ለመማር ከቦምቤ ተነሥተው ወደ ሎንዶን ተጓዙ። ከመሄዳቸው በፊት በእናታቸው ፊት ሥጋ፣ መጠጥና ሴት ላለመንካት ማሉ። መሐላው ቀላል ነበር፤ መፈጸሙ ግን ከባድ ሆነ። በተከራዩበት ቤት ባለቤቲቱ ሥጋ ለማይበላ ሰው ምን እንደሚሠራ አታውቅም ነበር። ጧት የአጃ ገንፎ፣ በምሳና በእራት ደግሞ ስፒናች ከዳቦና ከማርመላታ ጋር ይቀርብላቸዋል። ዳቦው ሲያልቅ ይጨመርልኝ ማለት ያፍራሉ። ቅመም የሌለበት ቅቅል አትክልት ለለመደው ይሆን ይሆናል፤ የሕንድን ወጥ ሲበላ ላደገ ልጅ ግን ምግብ አልነበረም። ጨጨብሳ ለለመደ ሰው የአጃ ገንፎ ያለ ጨው ቢሰጡት ምን እንደሚሰማው አድማጮቻችን መገመት ትችላላችሁ።

ስለዚህ ጋንዲ በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ማይል በእግራቸው እየሄዱ ምግብ ቤት ይፈልጉ ጀመር። በርካሽ ቤት ገብተው ዳቦ ብቻ በልተው ይወጣሉ፤ ነገር ግን አይጠግቡም። አንድ ቀን እንዲህ ሲዞሩ በፋሪንግዶን መንገድ ላይ ሥጋ የማይሸጥበት ምግብ ቤት አገኙ። በመግቢያው በመስኮቱ ሥር ለሽያጭ ከተደረደሩት መጻሕፍት መካከል ሔንሪ ሶልት ስለ ቬጀቴሪያንነት የጻፈውን መጽሐፍ አይተው በአንድ ሽልንግ ገዙ፤ ከዚያም ገብተው እንግሊዝ አገር ከረገጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪጠግቡ በሉ። እስከዚያ ቀን ሥጋን የተውት ለእናታቸው ስለ ማሉ ብቻ ነበር፤ መጽሐፉን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ግን በራሳቸው ፈቃድ ተዉት። በ1890 ዓ.ም. የሎንዶን ቬጀቴሪያን ማኅበር የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል ሆኑ። ኋላ ታላቅ ሕዝብን የመራው ሰው በስብሰባ ተቀምጦ መወያየትንና ለጋዜጣ መጻፍን የተለማመደው በዚሁ ማኅበር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግን ዋናው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። የሥጋ ማለት ምንድን ነው? በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሦስት ዐይነት ትርጓሜ ነበር። ለአንዳንዱ ሥጋ ማለት የእንስሳና የወፍ ሥጋ ብቻ ነውና ዓሣ ይበላል፤ ለሌላው ዓሣም ሥጋ ነው፣ እንቁላል ግን አይደለም፤ ለሦስተኛው ወተትና እንቁላልም ጭምር የተከለከለ ነው። ጋንዲ ለራሳቸው የሚቀለውን ትርጓሜ ለመምረጥ ይችሉ ነበር። ነገር ግን መሐላ በመሐላ አስገቢው ትርጓሜ መፈታት አለበት ብለው ስላመኑ፣ እናታቸው ሥጋ የሚሉት እንቁላልንም ስለሚጨምር፣ እንቁላልን ተዉ። ከዚህ በኋላ በዚያው በቬጀቴሪያን ምግብ ቤት እንኳ ሳይቀር እያንዳንዱን ምግብ ምን እንደ ገባበት መጠየቅ ግዴታ ሆነባቸው፤ ኬኩም ጣፋጩም አብዛኛው እንቁላል ነበረበትና።

መጠየቅም ዋጋ ነበረው። አንድ ወዳጃቸው ቴያትር ሊያሳያቸው ጋብዞ አስቀድሞ ሆልበርን ወደ ተባለው ትልቅ ምግብ ቤት ወሰዳቸው። እንዲህ ባለ ግርማ ያለው ቤት ውስጥ አፍሮ ዝም ብሎ ይበላል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ሾርባው ሲቀርብ ጋንዲ አሳላፊውን ጠርተው የአትክልት ሾርባ መሆኑን ጠየቁ። ወዳጃቸው ተቈጣ፤ እንዲህ ያለ ጠባይ ካለህ ውጣና ሌላ ቦታ በልተህ በደጅ ጠብቀኝ አላቸው። ወጡ። በአጠገቡ የነበረውን የቬጀቴሪያን ምግብ ቤት ግን ተዘግቶ አገኙት፤ ያን ሌሊት ሳይበሉ ቴያትሩን ተመልክተው አደሩ። በ1891 ዓ.ም. በሰኔ ወር ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ግን ለቬጀቴሪያን ወዳጆቻቸው የመሰነባበቻ እራት ያበሉት በዚያው በሆልበርን ነበር። ሥጋ በሚሸጥ ቤት አንዲት ሥጋ ያልነካች ገበታ ተዘርግታ፣ እንግዶቹም ማንንም ሳይጠይቁ በሉ። ባለ ሆቴሎች የደንበኛን ሕግ ማክበር ከፈለጉ እንደሚችሉ የዚያን ምሽት ታየ።

እንግሊዞቹ እንግዲህ መታመንን ሰጡ፤ ጣዕምን ግን በቀላሉ አላገኙትም። ምክንያቱን ስንመረምረው፣ የምግብ ሥራቸው ከጥንት ጀምሮ በሥጋ ዙሪያ የተገነባ በመሆኑ ሥጋው ሲወጣ በሳህኑ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል። ያን ባዶ ቦታ ለመሙላት ለውዝን ፈጭተው በሥጋ ጥብስ መልክ መሥራትን ፈለሰፉ። ዩስታስ ማይልስ የተባለው የታወቀ የቴኒስ ተጫዋች በ1906 ዓ.ም. በሎንዶን ቻንዶስ መንገድ የከፈተው ምግብ ቤት እንዲህ ባለው ኀይል ሰጪ ምግብ ዝና ያገኘ ነበር። በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ኋላም አምብሮሲዩስ ሂልትል የተባለው የልብስ ሰፊ የያዘው ቤት እስከ ዛሬ የሚሠራ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዘመን ደንበኞቹ «ሣር በሎች» እየተባሉ ይሳቅባቸው ነበር። ይህ ቤት ጣዕሙ የተለወጠው በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ማርግሪት ሂልትል የተባሉት የቤተሰቡ ሴት ወደ ሕንድ ሄደው የቅመሙን ብልኀት ይዘው ከተመለሱ በኋላ ነው። አውሮፓ የጎደለውን ለማግኘት ከሥጋ ውጭ ማሰብን አስቀድሞ ወደሚያውቅ ማድ ቤት መሄድ ነበረበት ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ማድ ቤት ደግሞ በእኛም አገር አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ዓቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ፍልሰታን ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም፣ ከዚህም በላይ ረቡዕንና ዓርብን ሲጾሙ ሥጋንም ወተትንም ቅቤንም እንቁላልንም ስለሚተዉ፣ ሕጋቸው ከእንግሊዞቹ ሕግ ይጠብቃል። በእንግሊዝ አገር ይህን የሚመስል ማኅበር ቪጋን በሚል ስም የተቋቋመው በ1944 ዓ.ም. ብቻ ነው። የእኛ ወጥ ሠሪዎች ግን በሥጋው ፈንታ ምን እናድርግ ብለው አልተጨነቁም፤ ለጾሙ የራሱን ማዕድ ሠሩለት። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት በቅቤ ፈንታ ሳይሆን በራሱ መዓዛ የሚፈለግ ሆነ። ሱፉ ተወቅጦና ተጠልሎ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ስልጆው ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውሃ ተሠርቶ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት፣ ቀን ተቈጥሮለት እስኪኮመጥጥ ይጠበቃል። እልበቱ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል። መቼም እኛም ከመኮረጅ ንጹሐን አይደለንም፤ የሽምብራ ዱቄት አቡክተን፣ በዓሣ መልክ ቈርጠን፣ በዘይት ጠብሰን በበርበሬ ወጥ ውስጥ የምናዋኘው የሽምብራ ዓሣ ከነማይልስ የለውዝ ጥብስ ጋር ሥጋ ዘመድ ነው። ልዩነቱ የእኛው ዓሣ ከብዙ ወጦች አንዱ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን የቤት ጥበብ ነበረ። ምግብን በገንዘብ ገዝቶ በአደባባይ መብላት በአገራችን የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ፣ ሰው እንደ ነውር ቈጥሮት ስለ ራቀ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው ከፍለው በመብላት እንዳለማመዱት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤቱ በዛ፤ የቤቱም የጾም ወጥ ተከትሎት ወጣ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ክክ አልጫው፣ ጎመኑ፣ ፎሶልያው በአንድ እንጀራ ላይ ተደርድሮ በያይነቱ ተባለ። አንድ ታላቅ ጥቅምም አለው። ክርስቲያኑ እስላሙ ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም፤ ሁለቱ የሥራ ባልደረቦች አብረው ምሳ ሊበሉ ሲፈልጉ ግን በያይነቱ አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ በዋሽንግተን ከተማ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ሲከፍቱም፣ ጾም ምን እንደ ሆነ የማያውቁ ሥጋ የማይበሉ አሜሪካውያን ይህንኑ ገበታ ፈልገው መጡ። ጋንዲ በየመንገዱ ሲያስሱት የነበረው እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ደስ የማያሰኘውን ሳንናገር አናልፍም። ከቤት ወደ ምግብ ቤት ሲወጣ ሁሉም ወጥ አብሮ አልወጣም። ቶሎ የሚደርሰው ወጣ፤ ቀን የሚፈጀው ቀረ። ዛሬ በከተማችን ከብዙው ምግብ ቤት ገብቶ ስልጆ ወይም እልበት ያዘዘ ሰው፣ የሚያገኘው የአሳላፊውን ፈገግታ ነው። በፈንታው በአንድ ዘይት፣ በአንድ ሽንኩርትና በአንድ በርበሬ የተሠሩ ሦስት አራት ወጦች ቀለማቸው ብቻ ተለያይቶ ይቀርቡለታል። በገበታው ላይ ስድስት ጉብታ ይቈጥራል፤ ሲቀምሰው ግን ሁለት ነው። ባለ ሆቴሉ በፍስኩ ቀን ለጥብሱ የሚጨነቀውን ያህል ለምስሩ አይጨነቅም፤ ጿሚው ግድ ስላለበት ይበላል ብሎ ያስባልና። ይህ ሐሳብ ያ ወዳጅ በሆልበርን ምግብ ቤት ከነበረው ሐሳብ ብዙ አይርቅም።

ነገሩ ይበልጥ የሚታወቀው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ነው። በእነዚህ ቀኖች ረቡዕና ዓርብም አይጾምምና፣ ብዙው ቤት የጾሙን ድስት ጨርሶ ከምድጃ ያወርደዋል። በሐኪም ትእዛዝ ሥጋና ቅቤ የተከለከለ ሰው፣ በስእለት የተወ ሰው፣ ወይም ከእስላም ባልደረባው ጋር አብሮ ሊበላ የፈለገ ክርስቲያን ገብቶ ምስር ሲጠይቅ «ጾሙ መች ገባ?» ይባላል። ቅቤ ያልነካው ሽሮ እንኳ ተፈልጎ አይገኝም። የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ግን ያው አሳላፊ፣ በያው ገበታ አጠገብ ቆሞ፣ ምስሩንም ጎመኑንም ሽሮውንም በስሙ እየጠራ ይቈጥርልናል።